የጥንት የቅድስት ሀገር ምስሎችን ለቤት ግድግዳ ማተም፦ ከፋይሉ እስከ ፍሬሙ

ኢየሩሳሌም ከደብረ ዘይት ላይ ስትታይ። በሲና ተራራ ግርጌ ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም። ጥብርያዶስ ከነባሕሯ። ፎቶግራፍ ከመስፋፋቱ በፊት እነዚህን ቦታዎች ለዓለም ያሳዩት እርሳስና የውሃ ቀለም ይዘው የዞሩ ሠዓሊዎች ናቸው። ሥራቸው ዛሬ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ስካን ተደርጎ በነፃ ይገኛል። አውርዶ፣ አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ መስቀል ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ ያየውን ትንሽ ምስል ስልኩ ላይ ሴቭ ያደርግና በቀጥታ ለማተሚያ ቤት ይልካል። ትልቅ ሆኖ ይታተማል። ከሩቅ ደህና ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ሰማዩ ተቆራርጧል፣ ግመሎቹ ቅርጻቸው ጠፍቷል፣ የከተማው ቅጥር ከተራራው ጋር ተቀላቅሏል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል። ያለ ጥፋቱ ነው። ነገሩ ያለቀው ፋይሉ ሲመረጥ ነው። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፍሬሙም ፋይሉ ውስጥ ያለውን ይጠብቃሉ እንጂ የሌለውን አያመጡም። ስለዚህ እዚህ መመሪያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ረዘም ይላሉ፤ ሚስማር መምታቱ ጋ ስንደርስ ፈጠን እንላለን። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. መጀመሪያ ግድግዳውን ለኩ

ምስል ከመፈለጋችሁ በፊት ሜትር አንሡ። ከሶፋ ወይም ከቁም ሣጥን በላይ የሚሰቀል ከሆነ፣ የፍሬሙ ስፋት የዕቃውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ብቻውን የተረሳ ይመስላል። የፈለጋችሁትን መጠን ከጋዜጣ ቆርጣችሁ በወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለውን ያኔ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ጥያቄ ከየት ርቀት ይታያል የሚለው ነው። ሳሎን ውስጥ ሰው ምስሉን የሚያየው ከሁለትና ከሦስት ሜትር ነው። መተላለፊያ ወይም የማንበቢያ ጠረጴዛ አጠገብ ከሆነ ደግሞ አፍንጫ ሥር ነው። ይህ ቀጥሎ የምትመርጡትን የምስል ዓይነት ይወስናል።

2. ቦታውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ምረጡ

ብዙ ሰው የማንነቱን ሳያውቅ የሚወደው የዴቪድ ሮበርትስን ሥራ ነው። ሮበርትስ ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ነው። በ1838 ግብጽ ገባ። በ1839 ሲናን አቋርጦ ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ያለችው ፔትራ ደረሰ፤ ከዚያ በኬብሮንና በጋዛ በኩል አድርጎ ኢየሩሳሌም ገባ። ወደ ሰሜንም ወጥቶ ናዝሬትን፣ ጥብርያዶስንና የሊባኖሷን በኣልቤክን ሣለ። ሥዕሎቹን ለህትመት በድንጋይ ላይ የሠራለት ትውልደ ቤልጂየሙ ሉዊ ሃግ ነው። ሃግ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ጉዳት ነበረበት። ያን ሁሉ የሠራው በግራ እጁ ነው። ህትመቶቹ ከ1842 እስከ 1849 ድረስ ለንደን ውስጥ ወጡ።

አሠራሩ ሊቶግራፍ ነው። በቅባታማ እርሳስ ድንጋይ ላይ ይሣላል፣ ከድንጋዩ ወደ ወረቀት ይታተማል። የሮበርትስን አንድ ምስል በትልቁ ፋይል ከፍታችሁ ዙም አድርጉት። ሰማዩ ላይ የተሰመረ መስመር አታገኙም፤ ያለው ደቃቅ የእርሳስ ነጠብጣብ ነው። የሩቁ ተራራ ስስ ቡናማ ወይም ግራጫ ለብሷል። ፊት ለፊት ጥምጣም ያሰሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ላይ የሚያበራው ነጭ ቀለም አይደለም፤ ምንም ያልታተመበት ወረቀቱ ራሱ ነው። ይህችን ነጭ አስታውሷት፣ ደረጃ 5 ላይ ትፈለጋለች። ብዙዎቹ ምስሎች ላይ ታች ጥግ የቦታው ስምና የተሣለበት ቀን በእጅ ጽሑፍ ይነበባል። እንዲህ ያለው ሥራ ለስላሳ ስለሆነ ማስፋት ይችላል። ለሳሎን የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በአረብ ብረት ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ነው። የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዊልያም ሄንሪ ባርትሌት የ1830ዎቹና የ1840ዎቹ ሥራዎች በዚህ መንገድ የታተሙ ናቸው። አረብ ብረት ከመዳብ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም፣ በጣም ቀጫጭን መስመርም ይችላል። ምስሎቹ ለመጽሐፍ ገጽ የተሠሩ ስለሆኑ ትንንሽ ናቸው። ውበታቸው ያለው እዚያው ጥቃቅኑ ላይ ነው፦ ደመናው፣ ውሃው፣ ጥላው ሁሉ በመስመር ብቻ ተሠርቷል። በጣም ከተለጠጡ መስመሮቹ ይወፍራሉ፣ ያ ሁሉ ረቂቅነት ይጠፋል። ስለዚህ ጠጋ ተብሎ ለሚታይ ቦታ ተዉአቸው። ሦስት አራቱን በአንድ መጠን አትሞ በረድፍ መስቀል ከአንዱ ማስፋት ይሻላል።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወጡት የሠዓሊዎቹ የሀሪ ፌንና የጆን ዳግላስ ዉድዋርድ ሥራዎች ደግሞ አብዛኞቹ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ናቸው። ጥቁሩ ጥቁር ነው። ሰፋ ቢደረግ አይፈራም፤ እንዲያውም መስመሩ ጎልቶ ሲታይ ግርማ ያገኛል። ዘመናዊ ቀለል ያለ ክፍል ውስጥ ጥቁርና ነጭ የፈለገ ሰው እዚህ ይፈልግ።

ከእነዚህ የቆየ ከፈለጋችሁ በመዳብ የተቀረጹት አሉ። ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ደ ብሩይን በ1681 ኢየሩሳሌምን በድብቅ ነበር የሣላት። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄዱ ኤርሃርድ ሮይቪች በ1486 ያሳተመው በእንጨት የተቀረጸ የቅድስት ሀገር ምስል አለ፤ ተጣጥፎ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባ ረጅም ወረቀት ነው፣ መካከሉ ላይ ኢየሩሳሌም ከሁሉ ገዝፋ ተሥላለች። ሰፊና አጭር ግድግዳ ላለው ሰው እንደዚያ የሚስማማ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቦታውን የሣለ ሁሉ ቦታውን አይቷል ማለት አይደለም። ዝነኛው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ተርነር በ1830ዎቹ የታተሙ የመጽሐፍ ቅዱስ አገር ምስሎችን ሠርቷል፤ እግሩ ግን ቅድስት ሀገርን አልረገጠም። ተጓዦች ያመጡለትን ንድፍ እያየ ነው። በ1493 ኑረምበርግ የታተመው ታዋቂ የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ አንዱን የከተማ ቅርጽ ለተለያዩ ከተሞች እየደጋገመ ተጠቅሞበታል። ጉስታቭ ዶሬ በ1866 ለወጣው መጽሐፍ ቅዱስ የሠራቸው ምስሎች ድንቅ ናቸው፤ ትኩረታቸው ግን ታሪኩ ላይ ነው፣ መልክዐ ምድሩ ጀርባ ላይ ነው። ለውበት ከሆነ ሁሉም ይሰቀላል። «ቦታው ያኔ ይህን ይመስል ነበር» ለማለት ከሆነ ግን በቦታው ቆሞ የሣለውን ምረጡ። ሮበርትስም ቢሆን ገደሉን ትንሽ ከፍ፣ ሰውን ትንሽ አነስ ማድረግ ይወድ ነበር፤ ይቅር እንበለው።

3. ዋናውን ፋይል አግኙ

የምስል መፈለጊያ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ተቀንሶ ተቀንሶ የመጣ ቅጂ ነው። ምስሉን ለማወቅ ተጠቀሙበት፤ ለማተም ግን ወደ ባለቤቱ ሂዱ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሮበርትስን ሊቶግራፎች በትልልቅ ፋይል አስቀምጧል። የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የሜትሮፖሊታን ሙዚየምም የሕዝብ ሀብት የሆኑ ምስሎቻቸውን በነፃ ይለቃሉ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ካገኛችሁት «ኦሪጅናል ፋይል» የሚለውን ተጫኑ፤ ገጹ ላይ የሚታየው ቅናሽ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ሙሉ መጽሐፍ ታገኛላችሁ። ፒዲኤፉን ግን አታውርዱ፤ ምስሉ በጣም የተጨመቀ ነው። ከማውረጃ ዝርዝሩ ውስጥ የገጾቹን ዋና ምስል ፈልጉ።

ፍለጋ ላይ ስሞቹን ቀያይሩ። የድሮዎቹ ህትመቶች አንዳንዴ የመጽሐፍ ቅዱሱን ስም ይይዛሉ፣ አንዳንዴ የዘመኑን። ሴኬም «ናብሉስ» ተብላ፣ ኢዮጴ «ጃፋ» ተብላ፣ ኤዶም «ኢዱሚያ» ተብላ ትመጣለች። ገሊላ ባሕር «ቲቤሪያስ» ሥር ይገኛል።

ምርጫ ካላችሁ ቲፍ የሚባለውን፣ ጥራቱ ሳይቀነስ የሚቀመጠውን ፋይል ውሰዱ። ካልሆነ ትልቁን ጄፔግ። አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ዋናውን ፋይል ሳትነኩት አስቀምጡ፤ ሥራችሁን በቅጂው ላይ ሥሩ። ለሌላ ሰው ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት፣ ይጨመቅባችኋል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ ወይ በፍላሽ ውሰዱት።

ስለ መብት በአጭሩ፦ ሠዓሊውም ቀራጩም ከሞቱ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ምስሉ ራሱ የሕዝብ ሀብት ነው። አንዳንድ ተቋማት ግን በስካኑ ላይ የአጠቃቀም ደንብ ያስቀምጣሉ። ለቤታችሁ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። አትማችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ግን ከምስሉ ሥር ያለውን የመብት መግለጫ ሳታነቡ እንዳትነኩት።

ምስሉ ያለው እጃችሁ ላይ ባለ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ገጹን አትገንጥሉ። መጽሐፉን እስከ ጥግ አትዘርጉት፤ ጀርባው ይሰበራል። በግማሽ ከፍታችሁ ከሥሩ በሌላ መጽሐፍ ደግፉት። ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። ብርሃን ከመስኮት፣ ከጎን ይምጣ። ፍላሽ አታብሩ።

4. ምን ያህል እንደሚሰፋ አስሉ

እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለም፣ ስሌት ነው። ፋይሉ ላይ ስፋቱ ስንት ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) እንደሆነ እዩ። ለ118 ስታካፍሉት ምርጥ ሆኖ የሚታተምበትን ስፋት በሴንቲሜትር ታገኛላችሁ። ይህ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል የሚባለው ነው። ለ79 ስታካፍሉት ደግሞ ግድግዳ ላይ ሆኖ ከአንድ ሜትር ወዲያ ሲታይ የማያሳፍረውን ከፍተኛ ስፋት ታገኛላችሁ፤ እሱ 200 ፒክስል ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 18 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የባርትሌት ዓይነት ምስል በአንድ ኢንች 400 ፒክስል ስካን ተደርጎ ነበር እንበል። ስፋቱ 2835 ፒክስል ገደማ ይመጣል። ለ118 ሲካፈል 24 ሴንቲሜትር፣ ለ79 ሲካፈል 36 ሴንቲሜትር ግድም ነው። እንግዲህ ይህን ምስል 60 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ማተም ብትፈልጉ በአንድ ኢንች 120 ፒክስል ብቻ ይቀራችኋል። መስመሮቹ ይሰባበራሉ። 60 የግድ ከሆነ ሌላ ስካን ፈልጉ፤ ካልሆነ ሌላ ምስል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ኤ3 ወረቀትን በ300 ለመሙላት 4961 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ኤ2 ደግሞ 7016 በ4961።

«በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳድገዋለሁ» የሚል ይኖራል። ለፎቶ አንዳንዴ ይሠራል። ለተቀረጸ ምስል አልመክርም። ፕሮግራሙ መስመሮቹን አይቶ ቆሻሻ ይመስለውና ይለሰልሳቸዋል፤ ወይም ያልነበረ መስመር ይፈጥራል። ትንንሾቹ ሰዎች ፊት ላይማ ጉድ ነው የሚሠራው። ተስፋ ከምትቆርጡ መጠኑን ቀንሱ። ትንሽ ምስል በሰፊ ነጭ ጠርዝ ውስጥ ሲገባ ከተለጠጠ ትልቅ ምስል ይበልጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። በመስመር የተሠራ ምስል ከመጀመሪያ መጠኑ አሳንሳችሁ ካተማችሁት መስመሮቹ ይጣበቁና ጥላው ሁሉ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል። ስክሪን ላይ ስታሳንሱትም የሚሞገድ ነገር ይታያችኋል፤ ያ የስክሪኑ ነው፣ አትደንግጡ። እውነቱን ለማየት ሁልጊዜ በ100 ፐርሰንት ክፈቱት። በ100 ፐርሰንት ላይ ከመስመር ይልቅ በሥርዓት የተደረደሩ ባለ ቀለም ክብ ክብ ነጥቦች ካያችሁ ግን ስካኑ ከዋናው ህትመት የተነሣ አይደለም። ከዘመናችን መጽሐፍ ወይም ፖስት ካርድ ላይ የተወሰደ ነው። ተዉት።

5. አጽዱ፣ ግን ዕድሜውን አትፋቁ

አብዛኛው ምስል የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰው ፋይሉን ከፍቶ «ቢጫ ነው» ይልና ኮንትራስቱን (የነጭና የጥቁሩን ልዩነት) ሽቅብ ይሰደዋል። ወረቀቱ ፍጹም ነጭ ይሆናል፣ መስመሩ ፍጹም ጥቁር ይሆናል፣ መካከል ያለው ሁሉ ይሞታል። የሮበርትስ ሰማይ እኮ በሙሉ ያለው እዚያ መካከል ላይ ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለውን የቀለም መለኪያና የስካነሩን ጥቁር ጠርዝ ቁረጡ። ምስሉ ዘንበል ብሎ ከሆነ አቃኑት፤ የምታቃኑት በክፈፉ መስመር እንጂ በተራራው ወይም በባሕሩ አይሁን። ከምስሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አትቁረጡ። በግራ የሠዓሊው ስም፣ በቀኝ የቀራጩ ስም፣ መካከል የቦታው ስም ይኖራል። ፍሬም ውስጥ ሲታይ ግማሹ ግርማ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ ነጩን አስተካክሉ። ደረጃ 2 ላይ ያልናትን ነጭ ፈልጉ፦ ምንም ያልታተመበት፣ በጣም ብሩሁ የወረቀት ክፍል። እሷን ፍጹም ነጭ አታድርጓት። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ ሌቭልስ የሚባለው መሣሪያ ላይ 255 ፍጹም ነጭ ነው፤ እሷ 240 አካባቢ ብትሆን በቂ ነው። ጥቁሩንም እንዲሁ ትንሽ አጥብቁት እንጂ አትጨርሱት።

ቡናማ ነጠብጣቦቹስ? የድሮ ወረቀት ላይ በእርጥበትና በሻጋታ ምክንያት የሚመጡ ናቸው። ሰማዩ ላይ ዓይን የሚስቡትን አንድ በአንድ አጥፉ። ጠርዝ ላይ ያሉትን ተዉአቸው። «አውቶማቲክ ማጽጃ» የሚባለውን አትንኩ፣ ነጠብጣብና የሩቅ ወፍ አይለይም። ከወረቀቱ ጀርባ የሚታይ የጽሑፍ ጥላ ካለ በቀላሉ አይለቅም። ሌላ ስካን መፈለግ ይቀላል።

ቀለም የተቀባ ምስል ከሆነ ጥንቃቄ አለ። ያኔ ቀለሙ የሚቀባው በእጅ፣ በውሃ ቀለም ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከሌላው ይለያል፤ አንዳንዱም ከመቶ ዓመት በኋላ በሻጭ የተቀባ ነው። «ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው» ብላችሁ አትድከሙ። ሰማያዊው የማይጮኸውን ምረጡ።

6. ወረቀትና ቀለም

እዚህ አንድ ውሳኔ ብቻ አለ፤ እሱን ከሳታችሁ ሁሉም ይስታል። የአሮጌው ወረቀት ቢጫነት ከየት ይምጣ? ከፋይሉ ወይስ ከወረቀቱ?

ፋይሉ ላይ የወረቀቱን ክሬም ቀለም ከተዋችሁት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አሳትሙ። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ከቀየራችሁት፣ ተፈጥሯዊ ክሬም የሆነ ወረቀት ላይ አሳትሙ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ክሬም ላይ ክሬም ሲታተም ውጤቱ የጨለመ፣ በጢስ የተመታ ነገር ነው። እኔ ለጥቁርና ነጭ ቅርጽ ሁለተኛውን፣ ለሊቶግራፍ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን። የሚያብለጨልጭ የፎቶ ወረቀት ላይ የ1840ዎቹ ሥራ ፖስተር ይመስላል። ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለው፣ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 310 ግራም የሚመዝን ወረቀት ብትጠይቁ ጥሩ ነው። እጅግ የሚያበራ ነጭ ወረቀት ሲያሳዩአችሁ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ንጣቱ የሚመጣው ከማድመቂያ ኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ ከጊዜ በኋላ ይደክምና ወረቀቱ መልኩን ይለውጣል።

ማተሚያ ቤቱን ይህን ጠይቁ፦ ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ? ፒግመንት ደቃቅ የቀለም ዱቄት ያለበት ነው፤ ብርሃን ይችላል። ዳይ የሚባለው ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ነው፤ ቶሎ ይደበዝዛል። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ከጥቁር ሌላ ግራጫ ቀለሞች አሉት ወይ ብላችሁ ጨምሩ። ከሌለው ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ይጎትታል። ፋይሉን ኤስአርጂቢ በሚባለው የቀለም ሥርዓት ስጧቸው፤ ሌላ ካልጠየቁ በቀር። አንድ ነገር ደግሞ አስረግጣችሁ ንገሩ፦ «በወረቀቱ ልክ አስፉልኝ» አትበሉ። የድሮ ምስል ከኤ3 ወይም ከኤ2 ቅርጽ ጋር አይገጥምም። ወይ ይቆርጡታል ወይ ይለጥጡታል። ምስሉ በራሱ ልክ ይታተም፣ ዙሪያው ባዶ ይቅር።

7. ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ቁራጭ አሳትሙ

ከምስሉ ውስጥ ሰማይም፣ ጥቁር ጥላም፣ ትንንሽ ሰዎችም ያሉበትን 10 በ15 ሴንቲሜትር ክፍል ቁረጡ። በመጨረሻው መጠንና ወረቀት ላይ አሳትሙት። ቤት ወስዳችሁ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በቀን እዩት፣ ማታም አምፖል አብርታችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ከጠበቃችሁት ይጨልማል፤ ስክሪን ብርሃን ስለሚያመነጭ ያታልላል። መካከለኛውን ድምቀት ትንሽ ከፍ አድርጉና ሙሉውን አሳትሙ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሁለቴ ነው የሚከፍለው።

8. ፍሬም

ወረቀቱ መስታወቱን መንካት የለበትም። እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። በመካከላቸው መሃሉ በመስኮት ቅርጽ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ይገባል። አሲድ የሌለው ይሁን። ርካሹ ካርቶን ከተወሰነ ዓመት በኋላ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቡናማ መስመር ምስሉ ላይ ይተዋል። በጀርባም ያው ነው፤ ችፑድ ወይም ተራ ካርቶን ወረቀቱን በቀጥታ እንዳይነካው አሲድ የሌለው ወረቀት አስገቡ።

የጠርዙ ስፋት ላይ አትሰስቱ። 36 በ24 ሴንቲሜትር የሆነ ምስል 50 በ40 ፍሬም ውስጥ ሲገባ በጎንና በጎን 7፣ ከላይ 7.5፣ ከታች 8.5 ይተርፈዋል። የታችኛው በትንሹ ሰፋ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ዓይን ምስሉ ወደ ታች የወረደ ይመስለዋል። ከምስሉ ሥር ጽሑፍ ካለ መስኮቱ ጽሑፉንም ያሳይ። የካርቶኑ ቀለም ከምስሉ ወረቀት በጥቂቱ ጠቆር ያለ ይሁን። ከወረቀቱ የበለጠ ነጭ ካርቶን ምስሉን ቆሻሻ ያስመስለዋል።

ምስሉን ከጀርባ ካርቶኑ ጋር የምታያይዙት ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቦታ ነው። ወረቀት ከአየሩ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። አራቱንም ጎን ካጣበቃችሁት ይጨማደዳል። ስኮች አትጠቀሙ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ዘልቆ ይገባል። ለዚህ የተሠራ አሲድ አልባ የወረቀት ማያያዣ አለ። ቀጭን የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫም የቆየና የታመነ መንገድ ነው፣ ሲፈለግ በውሃ ይለቃል።

የፍሬሙ እንጨት ቀላል ይሁን። ጠባብ ጥቁር፣ የዋልነት ቀለም ወይም የደበዘዘ ወርቃማ። በአበባ የተንቆጠቆጠ ሰፊ ወርቃማ ፍሬም ለዘይት ቀለም ሥዕል ነው፤ ቀጭን መስመር ያለውን ምስል ይውጠዋል። ግድግዳው መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ነጸብራቅ የሌለው፣ አልትራቫዮሌት (ቀለም የሚያደበዝዘውን ጨረር) የሚከላከል መስታወት ጠይቁ። ልጆች ያሉበት ቤት በመስታወት ፈንታ አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይሻላል፤ በደረቅ ጨርቅ ግን አትወልውሉት፣ ይጫጫራል።

9. መስቀል

የምስሉ መካከል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ላይ ይዋል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከፍሬሙ ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ክፍት ተዉ። ለከባድ ፍሬም ድሪል፣ ፊሸርና ሁለት ማንጠልጠያ፤ ሁለት ከሆነ አይዘምም። ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ፣ የመታጠቢያ ቤትና የምድጃ አካባቢ አይሆንም። ሙዚየሞች ወረቀት ላይ ያለ ሥራን በ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ብርሃን ነው የሚያሳዩት፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ዋናው የታተመ ቅጂ እጃችሁ ላይ ካለ ግን ቅጂውን ስካን አድርጋችሁ የተባዛውን ስቀሉ፣ ዋናውን በአሲድ አልባ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።

ብዙ ምስል በአንድ ግድግዳ ላይ የምትደረድሩ ከሆነ የአንድ ሠዓሊ ወይም የአንድ አሠራር ይሁኑ። ሊቶግራፍ ከእንጨት ቅርጽ ጋር አይስማማም፣ አንዱ ሌላውን ያደበዝዛል። በመካከላቸው 5 ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። የሮበርትስን ከመረጣችሁ በጉዞው ቅደም ተከተል ስቀሏቸው፦ ሲና፣ ፔትራ፣ ኬብሮን፣ ጋዛ፣ ኢየሩሳሌም፣ ናዝሬት፣ ጥብርያዶስ፣ በኣልቤክ። እንግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያይ መንገዱን አብሮ ይሄዳል።

ከመስቀላችሁ በፊት የፍሬሙ ጀርባ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ የቦታው ስም፣ የሠዓሊውና የቀራጩ ስም፣ የመጀመሪያው ህትመት ዓመት፣ ፋይሉ የተገኘበት ተቋም፣ ወረቀቱና ቀለሙ፣ የታተመበት ቀን። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን። የተስተካከለውን ፋይልም ከዋናው ጋር በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ወንድም ወይም ጎረቤት «ለእኔም አሳትሙልኝ» ማለቱ አይቀርም።